ካሜራውና የአባባ ማንኪያ

ይድረስ ለእማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃውን ብቻሽን ትወርጃለሽ ወይስ አሁንም ከጎረቤታችን ጋር ተደጋግፋችሁ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ልማድሽ ከቃሌ ጀርባ ሌላ ነገር አትፈልጊ። ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ፤ በስልክ ከሆነ ከድምፄ ነገር ታወጪያለሽ።

የሚያስጨንቀኝ ሥራ ነው። ሐሙስ ሳምንት የፊልሙን ትልቁን ትዕይንት እንቀርጻለን። ተዋናይዋ በረጅም የሆስፒታል ኮሪደር ትሮጣለች፣ እኔ ካሜራውን ይዤ ከኋላዋ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳይቋረጥ። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ዳይሬክተሩ ሌላ ካሜራማን ያመጣል። ባለፈው የቀረጽኩትን አይቶ ምን ነካህ፣ ድሮ እጅህ ድንጋይ አልነበረም ወይ አለኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው አልኩት።

ስለዚህ ማረጋጊያ ፈለግሁ፤ እየሄድሽ ስትቀርጪ የእጅሽ እንቅስቃሴ ካሜራው ጋ እንዳይደርስ የሚያደርግ ብረት ነው። አንድ አሮጌ አገኘሁ፣ ግን ለትንሽ ካሜራ የተሠራ ነው። የእኛ የሲኒማ ካሜራ ደግሞ እንደ አጎቴ ቦርጭ ከፊቱ ይከብዳል። ልክ የሚሆነውን የካሜራ መቀመጫ ግዙልኝ ብል ፕሮዲውሰሩ ሳቀብኝ። እኔስ የቶርኖ ሠራተኛ ልጅ አይደለሁ? መስኮት ከሚሠሩት ዘንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ለምኜ፣ አስበስቼ፣ በሁለት ብሎን አሰርኩት። በአንድ ካሰርሽው ይሽከረከራል።

ማክሰኞ ሞከርኩት። ከሥሩ ጎማ ማንጠፉን ረስቼ ኖሮ ካሜራው ሸርተት ብሎ በአፍንጫው ሊደፋ ነበር። የመብራት ሠራተኛዋ በደረቷ ባትደግፈው ይህን ደብዳቤ ከእስር ቤት ነበር የምጽፍልሽ። አሁን የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጬ አንጥፌለታለሁ። ከኋላ የሚያመጣጥነው ክብደት ግን ልኩ ጠፋኝ፤ ስጨምር ይበዛል፣ ስቀንስ ያንሳል። ብሎኗን ቀዳዳዋ ውስጥ ለማስገባትማ ስንቴ እንደሞከርኩ አልነግርሽም። ያችው የመብራት ሠራተኛ ተቀብላ አስገባችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እሱ ነው የከነከነኝ።

ይሄኔ አባባ ትዝ አለኝ። ሾርባው ሸሚዙ ላይ መፍሰስ ሲጀምር የማንኪያው እጀታ ላይ ሁለት የብሎን ዳዶ በይዶ፣ ከበድ ሲል እጅ አደብ ይገዛል ብሎሽ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ማንኪያ ይበይዳል ወይ ብዬ ሳቅሁበት። ያኔ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ አይደል? እኔም በሚቀጥለው ወር አርባ ሦስት እገባለሁ።

ማንኪያዋን እንዳልጣልሻት አውቃለሁ፤ መሳቢያው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለሽ አይቻታለሁ። ከሐሙስ በፊት በሰው እጅ ላኪልኝ። ለካሜራው ነው፣ የዳዶዎቹን ልክ ለማየት። ሐሙስ ካለፈም በኋላ እኔው ጋ ትቆይ። ለእህቴ እንዳትነግሪያት፣ ነገር ታካብዳለች። ፈርቻለሁ እማዬ፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለም።

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ከመሰለሽ ብዕሩ ነው። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ስትጸልዪልኝም እንደ ድሮው እግሩን ከእንቅፋት ጠብቅልኝ አትበዪ። እጁን በዪ።

ልጅሽ