ቀረጻ ሲኖር ዝም እላለሁ

ሰኞ

ሳል ይዞኛል፤ ግን መሳል አይቻልም። ከግድግዳው ማዶ ልጆቹ እየቀረጹ ነው። ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሁለት ጊዜ ዋጥሁት። ሦስተኛው አመለጠኝ።

«ከመጀመሪያው» አለ ይበልጣል። በስልክ የሚቀርጸው እሱ ነው። ሰርካለም በመጋረጃው አንገቷን አስገብታ፣ «ይማርዎት ቲቸር። ትንሽ ውኃ ይጠጡ እስቲ» አለችኝ። የልጆቹ አስተባባሪ ናት። ትሕትናዋ ከቁጣ ይብሳል።

ሥራው የአራት ወገን ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹንና አንድ ኮምፒውተር ሰጠ። እድሩ አግዳሚ ወንበሮችና የድምፅ ማጉያ። የወጣቶች ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤና ማኅተም። እኔ ሳሎኔን። ልጆቹ የራሳቸውን ታሪክ በድምፅ ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን በእድሩ ማጉያ ይሰማል፤ በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ ቡሬና ማንኩሳ ድረስ ይሄዳል። የእኔን ቤት የመረጡት ለእኔ ብለው አይደለም። ክረምት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ዝናብ ሲወርድበት ሰው ከጎኑ ያለውን አይሰማም። የእኔ ሳሎን ግን በጆንያና በጭቃ የተሠራ የድሮ ኮርኒስ አለው። ብርድ ልብሶቼንና ጋቢዬን ግድግዳው ላይ ቸነከሩ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ሌላ አገር የሚዘንብ ይመስላል።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ዝም ያልሁት የሚያናግረኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ቤቴ ሰው ሞልቶት ዝም እላለሁ።

ማክሰኞ

ቀረጻ ሲኖር የማይደረግ፦ ሽንኩርት ማቁላላት። ሳህን ማጠብ። የጓዳውን የጓሮ በር መክፈት፤ ሲጥ ይላል። ከዶሮዋ ጋር ማውራት። ይኼን የመጨረሻውን እኔም አላውቀውም ነበር። ሰርካለም ባለፈው ሳምንት «ቲቸር፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?» ስትለኝ ባነንሁ።

«ማንንም» አልኋት።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አለልኝ መጡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ሳይቀመጡ ነገሩኝ። ጽሕፈት ቤቱ በቡሬ መውጫ ያለውን አዳራሽ አድሶ፣ አንዱን ክፍል ለቀረጻ ሰጥቷል። ሐሙስ ስብሰባ አለ።

«እፎይ ይላሉ መምህርት። ቤትዎ ቤት ይሆናል።»

«ጥሩ ነው» አልሁ።

«ጎረምሳ ሲረግጠው ከረመ እኮ። እኔ ብሆን እስካሁን በዱላ አስወጥቻቸው ነበር።»

ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ረቡዕ

ዝናብ። የመጣችው ሰርካለም ብቻ ናት። የዚህ ሳምንት ርዕሳቸው «ያልተናገርሁት» ነው፤ የራሷን ለመቅረጽ የይበልጣልን ስልክ ተውሳ መጣች። ከጓዳ እሰማታለሁ። «ማንኩሳ ለአባቴ ስደውል፣ ደህና ነኝ ነው የምለው» ትላለች። ታቆማለች። እንደገና ትጀምራለች፤ እዚያው ላይ ታቆማለች።

ከሦስተኛው በኋላ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እርስዎስ ቲቸር? አንድ ቀን ይሞክሩት እንጂ።»

«እኔ ምን ወሬ አለኝ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያ ባትሪ ይጨርሳል።»

ስለ አዳራሹ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ታውቃለች። እሷም አላነሳችው። ሁለታችንም ዝናቡን አየን።

ስትሄድ ለስብሰባው የምለውን ጻፍሁ።

ቤቴ አልከበደኝም። (ልመና ይመስላል።)

ሳሎኔ ለድምፅ ይሻላል። (እውነት ነው። ግን ምክንያቴ እሱ አይደለም።)

ልጆቹ ቢቆዩ ደስ ይለኛል። (ይኼን በዚህ ዕድሜዋ የምትል ሴት ምን ትባላለች?)

ሦስቱንም ሰረዝሁ። ሁለተኛውን በሌላ ወረቀት መልሼ ጻፍሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ሐሙስ

ስብሰባው በመምህራን ክፍል ነበር። ጡረታ እስክወጣ የተቀመጥሁበት ጥግ ላይ አሁን ፎቶ ኮፒ ማሽን ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ስለ አጋርነት ተናገረ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ስለ አዳራሹ ቀለም ተናገረ። ሰርካለምና ይበልጣል የልጆቹ ተወካይ ሆነው ከኋላ ተቀምጠዋል።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ሦስተኛው ነጥብ እኔ ነኝ፦ መምህርት ክፍሉን ስላበረከቱ ምስጋና ቀርቦላቸው፣ ክፍሉ ነፃ እንዲሆንላቸው ተወስኗል።

ነፃ።

«አስተያየት ካለዎት?» አሉኝ።

ቆምሁ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁሉም ዝም ብለው ሲጠብቁኝ ጊዜ፣ እኔም እንደለመድሁት ዝም አልሁ። ከዚያ «መልካም ነው» ብዬ ፈረምሁ።

«መምህርት ሲናገሩ ባጭሩ ነው፤ ልፍለፋውን ለእኛ ትተውልን» አሉ ጋሽ አለልኝ። ተሳቀ። ሰርካለም አልሳቀችም። ወይም ስትስቅ አላየኋትም።

በእግሬ ተመለስሁ። ባጃጅ ሁለት ጊዜ ቆመልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእጄ ሂድ አልሁት።

ዓርብ

ሰርካለምና ይበልጣል ዕቃቸውን ሊያነሱ መጡ። ይበልጣል ምስማሩን ሊነቅል መዶሻውን ካነሳ በኋላ «ቆይ፣ ዝምታውን እንውሰድ» አለ። አልገባኝም። ሰርካለም አስረዳችኝ። የተጀመሩ ሥራዎች አሉ፤ ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል፣ ከሥሩ የተቀረጸበት ክፍል ፀጥታ ካልገባ ቁርጡ ይታወቃል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር ባዶውን ክፍል አንድ ደቂቃ ይቀርጹታል። የአዳራሹ ዝምታ ለዚህኛው አይሆንም አለች። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አለው።

ሦስታችንም ቆምን። ይበልጣል ጣቱን አነሳ። ውጭ ካፊያ ነበር። ሩቅ ጋሪ ሲያልፍ ተሰማ፤ ጠፋ። ይኼን ነው የሚወስዱት አልሁ በልቤ። ሌላውን ሁሉ ይተዉልኛል፤ ይኼ እንኳ ይሄዳል።

«እንዳትሄዱ» አልሁ።

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ይበልጣል ስልኩን አየ፤ እኔን አየ። «ተበላሸ» አለ፤ ወዲያው አፍሮ አንገቱን ደፋ።

«ቲቸር» አለች ሰርካለም ቀስ ብላ፣ «ትናንት ፈረሙ እኮ።»

«ፈረምሁ።»

«ሰልችተናቸዋል ብለን ነው እኛ። ስንመጣ ጓዳ ይገባሉ። እስክንወጣ አይወጡም። እያፈርን ነው እኮ የምንመጣው።»

እኔ ለእነሱ ብዬ ነበር ዝም የምለው። እነሱ ምሬት ነው ብለው ቆጥረውታል። የት ላይ ነበር ይኼን ማወቅ የነበረብኝ? በመጋረጃው ወጥቼ አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋላችሁ ወይ ብዬ አብሬያቸው አልተቀመጥሁም።

ይበልጣል መዶሻውን አስቀመጠ። «ዝምታውን እንድገመው?»

«ቆይ አንተ» አለችው። ወንበር ሳበችልኝ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና፣ «ርዕሱን ያውቁታል» አለችኝ።

ቅዳሜ

የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም። ረጅም ነበር። መሀል ላይ አለቀስሁ፤ ይበልጣል አላቋረጠኝም።

ጠዋት ጋሽ አለልኝ መጡ። ሰርካለም ነግራቸዋለች።

«ፈርመዋል እኮ መምህርት።»

«ልክ አልነበረም።»

«ሐሙስ አይናገሩም ነበር? የጋብቻ ጥያቄ ይመስል ምን አሳፈረዎት?»

መልሴን ሳይጠብቁ ተቀመጡ። አዳራሹ በሪፖርት ገብቷል፣ ሳይሠራበት ቢቀር ጽሕፈት ቤቱ ይጠየቅበታል አሉ። ምናልባት ስብሰባውና ሥልጠናው እዚያ ይሁን፤ ቀረጻው ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚህ። ምናልባት። ሰኞ በጠዋት ሰዎቹን ያናግራሉ።

«ቃል አልገባልዎትም ታዲያ።»

«ቃል አልጠየቅሁም።»

«እንዲህ መልስ ያውቁ ኖሯል?» ብለው ጃንጥላቸውን አነሱ።

ልጆቹ የሚመጡት ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከመጡ። የጋሽ አለልኝ መልስ ከእነሱ ይቀድም ወይም ይዘገይ እንደሆነ አላውቅም። ሰኞ በሩን ከፍቼ ደጃፍ ላይ ልጠብቃቸው ወይስ እስኪያንኳኩ? ከፍቼ ብቆምና ባይመጡ ጎረቤት ሁሉ ያየኛል።

ገና አልወሰንሁም። ነገ እሑድ ነው፤ አንድ ቀን አለኝ።