ከአልጋህ ሥር ያገኘኋቸው ብረቶች

ኮምሳን፣

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ነው። የፒክአፕህን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ፒክአፑ ሰማንያ ሲያልፍ የሚንቀጠቀጠው አጎት ቡንለርት ጋራዥ ከገጠሙልህ ካምቢዮ የተነሳ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ሥሩ ገብቼ ሳይ፣ ከኋላው ባሌስትራ በግራም በቀኝም አንድ አንድ የብረት ቅጠል ጎድሏል። ሁለቱንም ከአልጋህ ሥር በጆንያ ተጠቅልለው አገኘኋቸው።

ለፒክአፕ ባለቤቶቹ ስብሰባ መኪናው ዝቅ ብሎ እንዲያምርልህ አውጥተሃቸዋል። መኪናው ሲወርድ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አቀማመጡ ተዛባ፤ የሚያንቀጠቅጠውም እሱ ነው።

ባለፈው እሁድ የኮን ካን ከተማ የናፍጣ ፒክአፕ ባለቤቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «አጎት ቡንለርት፣ ካምቢዮውን አበላሽተው ነው የገጠሙት» ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ግን ቅጠሎቹን ማውጣትህን እያወቅህ፣ «አጎቴ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ዶሮ ይጠብቁ!» ብለህ አሳቅህባቸው። ከዚያ ወዲህ ጋራዣቸውን አልከፈቱም።

ቅጠሎቹን መልሼ ገጥሜያለሁ። በዘጠና ነዳሁት፤ መሪው እጄ ላይ ጸጥ አለ።

አሁን በአውቶቡስ ወደ እሳቸው እየሄድኩ ነው። ሥሩን ሳላይ መናገሬ የኔ ጥፋት ነው። ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ስለሆነ፣ በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባም ይቅርታ የምጠይቃቸው በሰው ፊት ነው። ስምህን አላነሳም። አንተም እዚያው ቆመህ ትሰማለህ።

መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ የባሌስትራውን ብሎኖች እንደገና አጥብቃቸው። አንተ ራስህ ይቅርታ ሳትጠይቃቸው ግን እሳቸው ጋር አትውሰደው።

ዊሳኑ