አንተን እስከ መጨረሻው የሰማ ዱቡሻ

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አያቴ እንዴት አደረች? ሾርባውን ጠጣችልህ? ትናንት እማዬ «ተነሥታ ተቀመጠች አለኝ» ስትል ከደስታዬ የተነሣ ስልኩን ቀማኋት፤ አንተ ግን ድምፄን እንደሰማህ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ ዘጋኸው። አባዬ፣ ለእማዬ ያን ሁሉ ጊዜ የሠራ ኔትወርክ እኔ «ሃሎ» ስል ነው የሚጠፋው? ኩርፊያህን አውቀዋለሁ እኮ! እኔም ግትር ስለሆንኩ ላልደውልልህ ምዬ ነበር፤ አልቻልኩም። የወንድምህ ልጅ ጃዕፈር ነገ በአይሱዙው ወደ ዳሎቻ ስለሚመጣ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። አንብበህ ሳትጨርስ ከአጠገብህ ንቅንቅ እንዳይል አስምዬዋለሁ።

ሱቁን አታስብ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እኔ እከፍታለሁ፣ ከዚያ እማዬ ትረከበኛለች። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው እንደ ልማዱ ልክ በስኳሩ ጆንያ ላይ ያንጠባጥባል፤ ሸራ አልብሰነዋል። ያንን ጆንያ ባየሁ ቁጥር በአዲሱ ሕንፃ ላይ ያሰብከው የማዕዘን ሱቅ ትዝ ይለኛል። በኪራይ ቤት ባልዲ ስትደቅን ስንት ክረምት እንዳሳለፍክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ባልዲውን የምደፋው እኔ ነበርኩና።

ስለዚህ ምኞትህን ንቄ የተነሣሁ እንዳይመስልህ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሰፈሩን ጠብና አቤቱታ የሚሰሙበት ያ ሰፊ ሣር ከነዋርካው ታጥሮ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ማዕከል ሊሠራበት ነው ሲባል የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ ትርፌ ናት፤ ታውቃታለህ፣ ያቺ ስትስቅ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ የሚያያት ጓደኛዬ። «አሁን ዝም ካልን ክበቡን ዘግተን ኳስ እንጫወት» አለች። እኔ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ ከሱቃችን ጓሮ የብስኩት ካርቶን ወሰድኩ። ቀደድነውና «ዱቡሻችን አይነካ!» ብለን በትልቁ ጽፈንበት ሰልፍ ወጣን። ጀርባውን ማን ያየዋል ብለን! አንዱ ሰልፉን ከኋላ ፎቶ አንሥቶ ኖሯል። በማግስቱ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ አከፋፋዩ ከመርካቶ ሲልክልህ በወፍራም ማርከር የጻፈበት «ኑሪ - ሶዶ» ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

የነጋዴዎቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያንን ፎቶ አሳይተው «ኑሪ፣ ሕንፃችንን በካርቶንህ ልታፈርሰው ነው እንዴ?» ብለው እንደሳቁብህ እማዬ ነገረችኝ። አንገትህን ደፍተህ ነበር የገባኸው። እራት ላይ «እኔ ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» ስትለኝ «ሱቅ ስጠኝ አላልኩህም» አልኩህ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! በማግስቱ አያቴ ታማለች ተባለና ሳትሰናበተኝ ሄድክ። መነሃሪያ ድረስ ልሸኝህ ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ ስወጣ ባጃጁ ሄዷል።

ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ብነግርህ ይሻላል።

በሄድክበት ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ዱቡሻው ላይ ትልቅ ስብሰባ ጠራን። ከቦዲቲ እንኳ ሳይቀር ተማሪዎች በሚኒባስ መጡ። ትርፌ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሞንታርቦ ተውሳ አመጣች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጋቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ከመካከላቸው ጋሽ ኤርሳዶ ለመናገር ተነሡ። አነጋገራቸውን ታውቀዋለህ፤ በወላይትኛ ሲናገሩ ቃሏን መዝነው ነው የሚያወጧት። «ይህ ቦታ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። የተጣላም የተበደለም የሚመጣው...» እያሉ ሳለ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝና አጨበጨብኩ። እኔ ስጀምር ሁሉም ተከተለኝ። ፉጨት በለው፣ ጩኸት በለው! አንዱ ቀልበ ቢስ ደግሞ በሞንታርቦው ሙዚቃ ለቀቀ። ጋሽ ኤርሳዶ ጥቂት አዩንና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። እኛ ጉዶቹ ደግሞ ተስማምተው የጨረሱ መስሎን ቪዲዮውን «ድል!» ብለን ለቀቅነው።

በማግስቱ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ስንሄድ ኃላፊው አስቀምጦ በጨዋ ደንብ አናገረን። «ሽማግሌዎቹ እኮ ስብሰባችሁን ጥለው ወጡ። ተቃውሞ ቢኖራቸው ይናገሩ አልነበር?» አለን። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መጥተው የቦታውን ነገር ካላስረዱ፣ በወሩ መጨረሻ ዐርብ ቦታው ለሠሪው ይተላለፋል አለ። ትርፌ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩን የገለጡልን የትርፌ አባት ናቸው። ዱቡሻ ላይ የሰው ንግግር አይቆረጥም ኖሯል አባዬ። በስድብ ቆረጥከው በጭብጨባ ያው ነው። ንግግሩ የተቆረጠበት ሰው ተመልሶ አይነሣም። ያጠፋው ልጅ ከሆነ እርጥብ ሣር ይዞ፣ ከአባቱ ጋር ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያ እስኪሆን ዱቡሻው ሌላ ነገር አያይም። እኛ ስለ ዱቡሻ ታሪክ የክበቡን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሞላን ልጆች ይህን አናውቅም! በትምህርት ቤት ሰው ጥሩ ሲናገር አጨብጭቡ እየተባልን ነዋ ያደግነው።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ፣ ያጨበጨብነው ሁሉ ሣራችንን ይዘን ወደ ዱቡሻው ሄድን። የትርፌ አባት እዚያው ቢሮ ነው የሚሠሩት፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው «አርፈህ ተቀመጥ» ብለዋቸው ነበር። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከሥራ ወጥተው መጡና ከልጃቸው ጎን ቆሙ። እኔ እማዬንና ጃዕፈርን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ኤርሳዶ ገና ሲያዩኝ፣ መቼም አማርኛቸው ሁሉንም ሰው ወንድ ነው የሚያደርገው፣ «ፈይሩዝ፣ ደህና ዋልክ? አባትህስ?» አሉኝ።

«ስልጤ፣ ዳሎቻ ሄዷል፤ እናቱ ታማበት» አልኩ።

ጃዕፈር «እኔ አለሁ፣ ወንድሟ ማለት ነኝ፣ እቆምላታለሁ» አለ።

«አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ግን ኑሪ በሕይወት አለ። በሕይወት ያለን አባት አንተካም» አሉት። የትርፌ አባት ለሁለታችንም ልቁም ቢሉም እሺ አላሏቸውም። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ስለሆንኩ ያለ እኔ ይቅርታው አይዘጋም። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ንዴቴ መጣ፤ የንዴቴን ነገር አንተ ታውቃለህ። «እሱ እኮ ሕንፃው እንዲሠራ ነው የሚፈልገው! መጥቶ ምን ያደርግላችኋል?» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ።

ጋሽ ኤርሳዶ አልተቆጡም። እንዲያውም ሳቁ። «እንዲያ ከሆነማ የግድ ይምጣ። ሕንፃውን የሚፈልግ ሰው ሳይናገር እኛ ምን ሰማን ብለን እንፈርዳለን?» አሉ። ለሚመጣው ረቡዕ ቀጠሩን። ዐርብ ርክክቡ ነው። ከክበቡ አንዱ ልጅ ስንመለስ «ድሮስ የነጋዴ ልጅ!» ብሎ አጉረመረመ። ትርፌ እንዴት አድርጋ ልኩን እንዳጠጣችው ብታይ የሚያሳዝንህ ልጁ ነበር።

ጋሽ ኤርሳዶ ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ተከትለውኝ ሱቅ ድረስ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ለስላሳ ከፈትኩላቸው። «ኑሪ ነግሮሃል?» አሉኝ። «ምኑን?» አልኩ። ከዚያ በወላይትኛ ጀመሩ፤ እኔ በአማርኛ፣ በእሳቸው አነጋገር እጽፍልሃለሁ።

«አባትህ ጺም እንኳ ያላበቀለ ሱቅ በደረቴ ነበር። ከሚያድርበት መጋዘን የጨርቅ ጣቃ ጠፋና በእሱ ተላከከ። ዘመድ የለው፣ ቋንቋ የለው። ዱቡሻ አመጡት። ስልጥኛውን ከአማርኛው፣ አማርኛውን ከጥቂት ወላይትኛ ጋር እየቀላቀለ ተናገረ። እኔ ያኔ ጎልማሳ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሹ አልገባኝም። ግን አንድም ሰው በቃህ አላለውም። ዝናብ መጣ፣ ማንም አልተነሣም። ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ "ሌላ የምትለው አለ?" ብለው ጠየቁት። ይኼኔ አለቀሰ። ንጹሕ ነው ተባለ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ከእሱ መርፌና ክር ሲገዛ ዋለ፤ የማያስፈልገውም ገዛ።»

እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ይኸው ነገርኩህ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አባዬ፣ ለምን ሳትነግረን ኖርክ? ሰዎች «ለምን ወደ አገርህ አትመለስም?» ሲሉህ «ሶዶ ሰው አድርጋኛለች» ስትል እኔ ስለ ንግዱ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ኤርሳዶ ከሄዱ በኋላ ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ያንን ሣር አየሁት። ልጅ ሆነህ፣ ማንም ሳይኖርህ፣ ዝናብ እየወረደብህ በማታውቀው ቋንቋ ስትንተባተብ ታየኸኝና ዐይኔን ጠራረግኩ። ያኔ ብኖር ኖሮ ጃንጥላ ይዤልህ እመጣ ነበር። እማዬ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ በርበሬው ነው አልኳት።

ሌባ መባልህን አፍረህበት ከሆነ የደበቅከን፣ ጋሽ ኤርሳዶ እሱን እንደ ዋዛ ነው ያለፉት። እሳቸው ያልረሱት መናገርህን ነው። እኔ ደግሞ ያችን ማታ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላስጨረስኩህም። ስለ ሱቁ ልትነግረኝ ጀምረህ ነበር እኮ! ምን ልትለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

እንግዲህ ና አባዬ። ከእኔ ጎን ሆነህ ተከራከርልኝ አላልኩህም። መጥተህ ያሰብከውን ተናገር። ስለ ጣሪያው ተናገር፣ አከራያችን በየዓመቱ እንዴት እንደሚያስጨንቅህ ተናገር፣ ሕንፃው ይሠራ ካልክም በል። አንተ ስትናገር እኔ ከትርፌ ጎን ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። እውነቱን ለመናገር ዱቡሻው እንዲተርፍ አሁንም እፈልጋለሁ፤ ካርቶን ካስፈለገም እንደገና እቀድዳለሁ፣ ግን አስፈቅጄህ። ለሕንፃው ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል። ብቻ አንተ የተሰማህበት ቦታ ሳትናገር እንዲታጠር አልፈልግም። አጥሩ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ብትቆጭ እኔ አልችለውም።

አያቴ ከከፋት ግን እንዳትመጣ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አኩርፌም አይደለም። እናትህን ትተህ ና ብዬ ልጅህ መሆን አልችልም። እጇን ሳምልኝ፤ ፈይሩዝ በዒድ ትመጣለች በላት።

ረቡዕ ስሜ ሲጠራ ግን እነሣለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው አሉ። አጠገቤ ብትኖርም፣ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ቢሆንም፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ፣ ማኅበርተኞችህም ከዳር ቆመው እያዩኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የኑሪ ልጅ ነኝ» እላለሁ።

ፈይሩዝ
ወላይታ ሶዶ፣ ከሱቃችን