ከሞትሁ በኋላ ስለሚደርሱት ጥይቶቼ

ለኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅቱ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት እየጠየቅሁ፣ እንቅልፍዎ እንደ እኔ መስመር እንዳይቆራረጥ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በሙያዬ አናጺ ስሆን፣ ከሥራ መልስ ከታላቅ እህቴ፣ ከባለቤቷና ከሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ ጋር፣ ሁላችንም በየቤታችን ሆነን በኢንተርኔት የተኩስ ጌም የምንጫወት የአራት ሰው ቡድን አባል ነኝ፤ ይቅርታ፣ ነበርሁ። የቡድኑ አለቃ እህቴ ናት። የፊታችን ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ አለብን፤ እኔ ግን በእርስዎ ቸርነት ልቀርበት ስለሆነ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. «ጌም የልጆች ነገር ነው» ብለው እንዳይንቁብኝ ፒንግ የሚባለውን ነገር ላስረዳዎ። እኔ ቁልፍ ስጫን ትእዛዙ ጌሙ እስካለበት ሰርቨር ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። እህቴ ቤት ይህ ጊዜ ዓይን እስኪርገበገብ አይሞላም። እኔ ቤት፣ ምስጋና ለእርስዎ ትጋት፣ መልሱ ሲመለስ ሽበት አብቅሎ ነው፤ ብሶበት ከነአካቴው መንገድ ላይ የሚቀርበት ቀንም አለ። ስለዚህ ባላጋራዬን በሩ ላይ አየዋለሁ፣ አነጣጥራለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ እሱ ግን ቀድሞ ገድሎኝ ጉዳዩን ጨርሶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

2. ጥፋቱ የራሴ እንዳይሆን ሰግቼ ቤቴን ራሴው መረመርሁ። ዋይፋዩን ትቼ ኬብል ሰካሁ፤ መስመሩን እንዳይሻሙኝ ባለቤቴን ከድራማዋ፣ አማቴን ከቪዲዮ ጥሪያቸው አስነሥቼ ሁለቱንም አስቀየምሁ፤ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ አቧራውንም ጠረግሁለት። ከኮምፒዩተሬ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ እንከን የለውም። ጉዱ የሚጀምረው ከራውተሩ ወጥቶ የእናንተ የመጀመሪያ ጣቢያ ሲደርስ ነው። ውጤቱን ፎቶ አንሥቼ ብልክ ክፍልዎ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ሲል መለሰልኝ። አጥፍቼ እንዳበራሁት ብጽፍ፣ አሁንም አጥፍቼ እንዳበራው ተመከርሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

3. ባለሙያ ስለላኩልኝ ደግሞ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። ሰውዬው የመጣው እኛ ልምምድ ላይ ሳለን ነው። ከራውተሩ አጠገብ ቆሞ ስልኩን አወጣ፣ የመስመሩን ፍጥነት ለካ፣ ራሱን ነቀነቀና «እሳት ነው፣ እሳት!» አለ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ግን አልጠየቀኝም። ለካስ የለካው የራሱን የሞባይል ዳታ ኖሯል! ኧረ በሕግ አምላክ! የራሱን ትኩሳት ለክቶ በሽተኛውን «ድነሃል፣ ሂድ» የሚል ሐኪም የት አገር ነው ያለው? ይህን ስነግረው ምንም ሳያፍር ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫዬን ጭኖ፣ «እስቲ እኔ ልሞክረው» አለ። መጀመሪያው በር ላይ ሞተ። ማውሱን ወቀሰ። ቀጠለና እህቴ ከቤቷ ሆና በዚያው ማዳመጫ ማይክ እየሰማችው «ከቢሯችን ስጫወት እኮ እንዲህ አያደርገኝም፣ እዚያ ፒንጌ ስምንት ነው!» ብሎ ተኩራራ። ሲወጣ ግን ለእኔ ያለኝ «ጋሼ፣ መስመሩ ደህና ነው፤ የዘገየው የእርስዎ እጅ ነው» የሚል ነው። ይህ እጅ መጋዝ ይዞ ፀጉር የማያስገባ መገጣጠሚያ የሚቆርጥ እጅ ነው፣ ክቡርነትዎ።

4. እሱ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ቅሬታዬ «ተፈትቷል» ተብሎ እንደተዘጋ መልእክት ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ መበላሸቱስ የማሽን ነገር ነው፣ ይበላሻል፤ እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። በማግሥቱ በጨዋታ መሐል መስመሩ ቀጥ ሲል እኔም በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ የእህቴ ባል በእኔ ማለፍ አቅቶት ከኋላዬ ተገደለ። እህቴም «ሥጋዬ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ቅዳሜ ግን አትሰለፍም» አለችኝ። እውነቷን መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

የከበረ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ይህ ደብዳቤ ከጥይቶቼ ቀድሞ እንዲደርስዎ በመመኘት እሰናበታለሁ።

ምንጊዜም በትዕግሥት የሚጠብቅዎ፣ ሌላ ምርጫም የሌለው
ታዛዥ ደንበኛዎ፣ አናጺው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቦታዬን ማን እንደወሰደው ትናንት ሰማሁ። ያው ባለሙያዎ ነው። እህቴ «ፒንጌ ስምንት ነው» ሲል ሰምታ እዚያው እኔ ቤት፣ በእኔው ማዳመጫ፣ ስልክ ቁጥሩን ተቀብላው ኖሯል። ቅዳሜ ተረኛ ስለሆነ ከቢሮዎ ሆኖ ሊጫወት ነው። እህቴ ይቅር ትበለኝና፣ እኔም ልክ ለግጥሚያው ሰዓት አዲስ የጥገና ጥያቄ አስመዝግቤያለሁ። እባክዎ እሱኑ ይላኩልኝ፤ መስመሩ ደህና ነው ብሎ የለም? ወንበሩን አዘጋጅቼለታለሁ፣ ከእኔ ቤት ይጫወታት።