ለፋብሪካው ያልጻፍኩት ፈቃድ

ለውድ እህቴ ለሉሊት ደገፋ፣ ኩዌት

እህትዓለም፣ የጌታ ሰላም ባለሽበት ይብዛልሽ። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ ሳልስ ለቀቀሽ? እንቅልፍስ በወጉ ያስተኙሻል? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬ ስኳርም ዘንድሮ ረገብ ብሏል። ከአቧራው በቀር የሚከፋ ነገር የለም ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አለ። ስልክሽን ማዳምሽ እያነሳች ስለምታይ፣ እረፍቷን ጨርሳ በምትመለሰው በበላይነሽ እጅ ይህን ወረቀት ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሥራዬን ስትጠይቂኝ «ኮምፒውተር ነው» እያልኩ አልፍሽ ነበር። ዛሬ ግን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። በክሊኒካችን ሰርቨር፣ በዋናው ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ በራሳቸው የሚሠሩ ስክሪፕቶች የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪም ያደርሳል፣ ሌላው ሒሳብ ይልካል። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስን እንዲሁ ከተውሽው እነዚህ ስክሪፕቶች እንደ ቤቱ ጌታ ያሻቸውን ፋይል ይከፍታሉ። እኔ የምጽፈው ፖሊሲ ዘበኛቸው ነው። ለእያንዳንዱ ምን ማንበብ እንደሚችል እጽፍለታለሁ፤ ያልጻፍኩለት ሁሉ ክልክል ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቢያዙትም አይገባም።

ዘበኛው የከለከለውን ይመዘግባል። የእኛ ሙያ ሰዎች ክፉ ልማድ ታዲያ መዝገቡን አይተን «ረስቼው ነው» ብለን ፈቃድ መጨመር ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ጽፎ ያቀርብልሻል፣ አንቺ መቀበል ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ የዱከም ፋብሪካ ሪፖርት የሚልከው ስክሪፕት ተከልክሎ ሳይ እኔም ልቀበል ነበር። የፋይሉን ስም ሳነብ ግን መቀበሉን ተውኩት። የፋብሪካው ሴት ሠራተኞች የእርግዝና ምርመራ ውጤት ነው።

ሠራተኞቹን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ያመጡልናል። ደም የምትቀዳቸው ዱሬቲ፣ ውጤቱ ከሐኪማቸው አያልፍም እያለች ነው የምታረጋጋቸው። እኔም ስህተት መስሎኝ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ማስረሻ ነገርኳቸው። ስህተት የለውም አሉኝ። ፋብሪካው ከክሊኒካችን ጋር ያለውን ውል የሚያድሰው ያረገዙትን ለይተን ከነገርነው ብቻ ነው አሉ። አንድ መስመር ፈቃድ መጻፍ ምን ይከብድሃል፣ ካልሆነም ሰኞ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ አስረክብ ብለው ወደ ስልካቸው ዞሩ። አንገበገበኝ።

ሉሊትዬ፣ አንቺንም ከዱከም ፋብሪካ ያባረሩሽ ሆድሽ ገና ሳይገፋ ነበር። ማን ነገራቸው እያልሽ ስንት ቀን አለቀስሽ! የልብ ጓደኛሽን እንኳ ጠርጥረሽ ተቀየምሻት። ማን እንደነገራቸው ዛሬም አላውቅም፤ እንዴት እንደሚነገር ግን አየሁት።

መስመር ጻፍኩ፣ የታዘዝኩትን ግን አይደለም። የፋብሪካው ስክሪፕት ያንን ፋይል ከቶ እንዳያነብ የሚል ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው በልማድ ፈቃድ ቢጨምርበት ፖሊሲው አልሠራም ብሎ ይመልሰዋል። ሆነ ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፤ ሳያውቅ ግን አያልፈውም። ለዱሬቲም ነገርኳት። ከእንግዲህ ሴቶቹን አይዟችሁ ማለት አልችልም ብላ አለቀሰች።

ነገ ሰኞ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ። የእኔ ደመወዝ ቤቱን ስለሚችል ለፋሲካ ጠቅልለሽ ትመጫለሽ ተባብለን ነበር። ያንን ሳላማክርሽ አፈረስኩብሽ። ልደውልልሽ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ፈቃዱን ጻፈው ትይኛለሽ ብዬ አልፈራሁም። አትጻፈው ብለሽ በገዛ አፍሽ እዚያ ዓመት እንዳትጨምሪ ፈራሁ። ብትቆጪኝ አልፈርድብሽም።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ስለ ቁልፉ አልሰማችም፣ በበላይነሽ በኩል የላከችልሽን በርበሬ ለማዳምሽ እንዳታሳዪ ብላለች። አባባ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብተው ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ ምርቃታቸው ይድረስሽ። ልጅሽ ሀሴት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እጇን ታስቀድማለች። የእግሯን ልክ በዚህ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ ከብባልሻለች፤ ለፋሲካ ስትመጪ ጫማውን ይዘሽላት እንድትመጪ ነው። እስከዚያ እግሬ ስለሚያድግ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይከበብ አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ እጇን ይዤ አሰፋሁላት።

ወንድምሽ ይትባረክ ደገፋ
አዳማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.