አንተ የምትለው ተረፈን ነው

ጥር 29፣ ሐሙስ
ዛሬም ማዶ አልጋ ካለው ከተረፈ ጋር በመስኮት ተጣላን። እሱ ይከፈት ይላል፣ እኔ ይዘጋ። ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው፣ ቤት ያፍነዋል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በመኪና መስኮት ንፋስ የመታኝ ሰው ነኝ፣ በቃኝ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጥላ ጥላውን ነው የሚያየው። መስኮቱ ሲዘጋ ግን ወዲያው ያውቃል። እንዴት እንደሚያውቅ እንጃ።
ምሳ ጎደሬ። ጨው የለውም።
የመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ ተሾመች መጥታ፣ ጋሽ ባዘዘው፣ ቅዳሜ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ጢምዎን ይላጩ አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲው ቴፒ ግቢ ለልምምድ እዚህ አማን የመጡ ናቸው። አዛውንት ሊያጫውቱ ነው አለች። ሊያጫውቱ? ሕፃን ነኝ?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ
መጡ። ነጭ ጋዋን ለብሰዋል። እኛ ክፍል አንዲት ልጅ ገባች፣ ኢክላስ ትባላለች፣ አገሯ ወራቤ። ሰማያዊ ሻሽ። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ወፍራም።
መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ይህን ልጻፈው። መጀመሪያ ወደ እኔ።
«አባባ፣ ስምህ ማነው?» አለችኝ።
«ስምህ አይባልም፣ ስምዎ ነው» አልኳት። ባዘዘው ነኝ፣ ከቴፒ ጅማ ቡና ስጭን አንቱ የተባልኩ ሹፌር ነኝ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ። ጥሩ። ልጅ እንዲህ ነው የሚታረመው። ባለቤቴ ወለተሥላሴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም።
ተረፈስ ምን አላት? «አንተ ኢክላስ፣ ና፣ እዚህ ቁጭ በል።» ሴቷን ልጅ! የቤንች ሰው ነው፣ አማርኛን በጎልማሳነቱ ነው የለመደው። አንቺም እርስዎም እሱ ዘንድ የሉም፣ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ተሾመችንም አንተ ነው የሚላት። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። «እሺ አንተ፣ መጣሁ» አለችው። እሱም ሳቀ። ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
ሲሄዱ እጄን ጨብጣ ጎንበስ አለች። የእሱን ግን ጉንጩን ሳመችው።

የካቲት 8
ዝናብ። መጥታ ነበር። እኔን «እንዴት ሰነበቱ» ብላ በር ላይ። ከዚያ እሱ ጋ። ምን እንደሚሳሳቁ አልሰማም፣ ጆሮዬ ያስቸግረኛል። ስለ ንብ ነው መሰል። ስለ ንብ ይህን ያህል ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

የካቲት 15
ሌላ ተማሪ መደቡልኝ። ብሩክ የሚባል፣ ልብሱ የተተኮሰ ወንድ ልጅ። ዳማ ይዞ መጣ። ልጁ ምንም አይወጣለትም፣ ጨዋ ነው። ግን ዓይኔ እዚያ ማዶ ነው። ሁለት ጊዜ በላኝ። እኔን በዳማ!
ማዶ እሷ ለተረፈ ሙዝ ትልጣለች። «አንተ፣ ሌላም ድገም» ትለዋለች። ድገም። እኔ ዘንድ ስትመጣ «ይድገሙ» ነው። ምግቡ አንድ ነው፣ ቃሉ ግን... ምን ልበል። ይድገሙ ሲባል ሰው አይደግምም።

የካቲት 22
ሁዳዴ ገብቷል። የሷም ረመዳን ዛሬ ጀመረ። ደስ አለኝ። እኔና እሷ ጾመኞች፣ ተረፈ ብቻ የሚበላ። ፕሮቴስታንት ነው፣ የሚጾመው ሲያሰኘው ነው። ዛሬ ወደ እኔ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። መጣችም! እርስዎም ጾመኛ ነዎት አይደል አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እኔም ጠየቅኳት። ስታወራ ከንፈሯ ደርቋል፣ አሳዘነችኝ። ጥሩ ጨዋታ ይዘን ነበር።
ኋላ ተረፈ የተጠበሰ በቆሎውን ብርድ ልብሱ ሥር ሲደብቅ አየችው። ለምን ደበቅከው አለችው። «አንተ እየጾምክ እኔ ፊትህ አልበላም» አላት። እንባዋ መጣ። ተነስታ ሄደች እሱ ጋ።
በቆሎ ደብቆ ቀማኝ። ከሌሊት ጀምሮ የጾምኩት እኔ ነኝ!

የካቲት 26፣ ረቡዕ
በዚህ ዕድሜ ሰው ይቀናል? ለሹመት ቀንቼ አላውቅም። ለሰው መኪና ቀንቼ አላውቅም፣ የኔዋ ኤንትሬ ትበልጥ ነበር። አሁን ሙዝ ለሚላጥለት ሽማግሌ?
ደግሞ እኔንም አንተ ነው የሚለኝ። «አንተ ባዘዘው፣ መስኮቱን ክፈት።» ስንቴ ነገርኩት። «አንቱ የሚለው ምላሴ ላይ አይቀመጥም» ይላል። አይሞክርማ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ
ጥፋት ሠራሁ። ጠዋት ተረፈን፣ ዛሬ ተማሪዎቹ አይመጡም፣ ፈተና አለባቸው አልኩት። አመነኝ። ፊቱን ሳይታጠብ፣ አሮጌውን ሹራብ ለብሶ ተጋደመ። እኔ ተላጭቼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ ጥፍሬን ቆርጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።
መጣች። እኔን አይታ «ዛሬ እንዴት አምሮብዎታል» አለችኝ። ተረፈን ስታይ ግን ደነገጠች። አንተ፣ አሞሃል እንዴ? ምን ሆንክ? ውሃ በሳፋ አምጥታ ፊቱን አጠበችው። ጸጉሩን አበጠረችው። እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥፍሩን ቆረጠችለት፣ አንድ በአንድ።
የኔ ተቆርጧል። ራሴ ቆርጬዋለሁ። ሞኝ ነህ ባዘዘው።
ተረፈ አይመጡም ያልኩትን አልነገራትም። ለምን አልነገራትም?

ሚያዝያ 11
ነገ ፋሲካ ነው። ብሩክ ደውሎ እንኳን አደረስዎ አለኝ በተሾመች ስልክ። አመሰገንኩት። ሌላ ሰው አጠገብህ አለ ወይ አላልኩትም።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ
ዛሬ ተሾመች አዳራሽ ሰብስባን ነገረችን። ምረቃቸው ሰኔ 21 ቴፒ ነው። ቤተሰቡ ሊመጣ የማይችል ተመራቂ ከዚህ አንድ አንድ አዛውንት እንደ ወላጅ ይዞ ይሄዳል። ተማሪው ራሱ ነው የሚመርጠው፣ መኪናው ከዚያ በላይ አይዝም። ብሩክ ወላጆቹ ይመጡለታል። የኢክላስ አባት በልጅነቷ ነው የሞተው፣ እናቷ ታማለች።
ቴፒ። ያን መንገድ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ኩርባውን ሁሉ በእጄ ነው የማውቀው፣ አሁንም ጋደም ስል እጄ መሪ ይይዛል። እንደ አባት ከኋላዋ ተቀምጬ፣ ስሟ ሲጠራ ተነስቼ... ያቺ ልጅ ማን አላት? እኔ ማን አለኝ? ከወለተሥላሴ ጋር ልጅ አላገኘንም።
አልለምናትም። ከመጣች ትምጣ።

ግንቦት 23
መጣች። በቀጥታ ወደ እኔ! ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። 
«አባባ፣ እርስዎ የቴፒን መንገድ ያውቁታል አይደል? ተረፈን ልወስደው ፈልጌ ነበር። መንገዱ አይከብደውም?»
ለዚህ ነው የመጣችው። ስለ እሱ ልትጠይቀኝ።
ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስለ መንገዴ ጠየቀኝ፣ እኔም ዋሸሁ። ኩርባው ጭንቅላት ያዞራል፣ ያስመልሰዋል፣ ጉድጓዱ ወገቡን ይፈታዋል፣ እንዳትሞክሪው አልኳት። አንቱ የተባልኩ ሹፌር ነኝና አመነችኝ። አንገቷን ደፋች። ገና አልነገርኩትም፣ እንኳን ጠየቅኩዎት፣ ልጎዳው ነበር አለች።
ከዚያ ጠበቅኩ። እንግዲያው እርስዎ ይምጡ ትላለች ብዬ። አላለችም።

ሰኔ 2፣ ሰኞ
እንቅልፍ የለም። መስኮቱን ከፈትኩለት። ተረፈ «አንተ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ
የልምምዳቸው መጨረሻ ነው። ዛሬ ቃሉ ከአፌ አመለጠ። ማንን ይዘሽ ትሄጃለሽ አልኳት። ብቻዬን ነኝ አለች።
እኔስ አልኳት። እንዲህ ብዬ። 
በጣም ደነገጠች። «እርስዎን? እርስዎን እንዴት ደፍሬ? እርስዎ እኮ... እርስዎ ፊት ስቀመጥ እግሬን እንኳ አላነባብርም። ለእርስዎ ክብር አለኝ አባባ።»
ክብር አላት። ለእኔ ክብር አላት።
ከሄደች በኋላ ብዙ አሰብኩ። አንተ ብሎ የሚጠራኝ ማን ቀረ? እናቴ ነበረች። ወለተሥላሴ አንቱ፣ ረዳቶቼ ጋሼ፣ ተሾመች እርስዎ። የቀረው ይኸ ማዶ የሚያንኮራፋው ተረፈ ብቻ ነው። እሱንም ስቆጣው ኖርኩ። ስምህ አይባልም ያልኩ ዕለት በሩን የዘጋሁት እኔው። ያንኑ በር ተረፈ በተሳሳተ አማርኛ ከፍቶ ገባ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ
ስልክ የለኝም። የኢክላስ ቁጥር ያለው ተረፈ ስልክ ላይ ነው፣ ጌጫ ያለችው ልጁ የገዛችለት። ስለዚህ እሱን መለመን ነበረብኝ። በዚህ ላይ አጠገቡ ሆኜ ነው የማወራው፣ ይሰማል። ይስማ።
አንሳ ደውልልኝ አልኩት። ለምን አላለኝም። እያዳበሰ ደወለ፣ ሰጠኝ።
ኢክላስ፣ ባዘዘው ነኝ አልኳት። የቴፒ መንገድ ተረፈን ምንም አያደርገውም፣ ጋቢና አስቀምጡት፣ መስኮቱን ክፈቱለት፣ እሱ መስኮት ከተከፈተለት አዲስ አበባም ይደርሳል። ያን ቀን የዋሸሁሽ እኔን እንድትወስጂኝ ነው። ቀንቼ ነው አልኳት።
  ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅዋ፦
«አንተ ውሸታም።»
ወዲያው «ውይ፣ ይቅርታ አባባ፣ አምልጦኝ ነው» አለች።
«አታንሺው» አልኳት። «ባለበት ይቆይ።»
ስልኩን መለስኩለት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ጋቢና ነው የምቀመጠው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «መስኮቱ በኩል?» አዎ ተረፈ፣ መስኮቱ በኩል።
የመጋቢቱን ውሸቴንስ ለምን አልነገርካትም አልኩት። ነግሬያት አንተ ጋ ማን ሊቀር ነው አለኝ።

ሰኔ 20
ለነገ ብዬ ቡናማ ኮቴን አስለካሁት። ትከሻው ጠባብ ነው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፍኩለት። መንገዱን ነገርኩት፣ ባያየው እንኳ ይወቀው። ደኑ ሲያልቅ ሙቀቱ ይመጣል፣ ቡናው ሲጀምር ሽታው ይለወጣል፣ እዚያ ጋ ስትደርስ ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ጡሩንባ አስነፋው፣ የድሮ ልማዴ ነው።
ኮቱ አምሮበታል። ይህን መጻፌ ያናድደኛል።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ
ሄደ። ከመኪናው ወርዳ እኔንም ልትሰናበት መጣች፣ ጥቁር ጋዋኗን በክንዷ ይዛ። ጎንበስ አላለችም። ጉንጬን ሳመችኝ። ምን ማለት እንዳለባት ጠፋትና «አንተ... እርስዎ... ውይ» ብላ ሳቀች፣ ወጣች።
አልጋው ባዶ ነው። መስኮቱን የሚያስከፍተኝ የለም። ከፈትኩት።
አመሻሹ ላይ መጣ። አቧራ በአቧራ ሆኖ። ስሟ ሲጠራ ቆሞ አጨበጨበ፣ ኮቱን ሰው ሁሉ አደነቀ። ጡሩንባውስ አልኩት። ሹፌሩ እምቢ ብሎ ነበር፣ ኢክላስ ተቆጣችው፣ ነፋ አለኝ። ሁለት ጊዜ? ሁለት ጊዜ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ
ተማሪ የለም። ወራቤ ገብታለች፣ ሥራ ትፈልጋለች።
ምሳ ጎደሬ። ጨው የለውም። ሰሃኑን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።
የተረፈ ስልክ ጮኸ። እሷ ናት። መጀመሪያ ከእሱ ጋር አወሩ፣ ረጅም ነው። ሳቁ። አሁንም ጆሮዬን አቆምኩ፣ አሁንም ቀናሁ፣ ይኸ ነገር አብሮኝ ሳይቀበር አይቀርም። ከዚያ ስልኩን በአልጋዎቹ መሃል ዘረጋልኝ።
«እንካ። አንተን ነው» አለ።
ያዝኩት። እንዴት ነህ አላለችኝም።
«በላህ?» አለችኝ።
በላሁ አልኳት።
ተረፈ ከማዶ ጮክ ብሎ፣ አልበላም፣ ሰሃኑ እንደሞላ ነው አለ። ያ ዓይነ ደካማ ሰሃኑን እንዴት አየው?
«አንተ ውሸታም» አለችኝ። «ብላ።»
ስልኩን ሳልዘጋ በአንድ እጄ ሰሃኑን ሳብኩ።