የደሴን ስም ያስገባሁበት መዝሙር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለመሪጌታ ባየልኝ፣ ቢቸና።

ሰላምታዬ ከደጅዎ ይድረስ፤ በሐሳቤ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብዎ ሳል ተወዎት ወይ? የእናቴስ ዓይን? ከዚያ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ ባገኘሁ ቁጥር ስለ እናንተ እጠይቃለሁ፤ ደኅና ናቸው ሲሉኝ ግማሹን አምኜ ግማሹን እየፈራሁ እመለሳለሁ። እኔና ልጆቹ ተመስገን፣ በሕይወት አለን።

አባቴ፣ ይርዳው ከሞተ ወዲህ የጻፍሁልዎ ሁሉ አጭር የሆነው የደበቅሁዎ ነገር ስላለ ነው። ባሌን በጥቅምት፣ ሰሊጡን አጭደን ሂላውን፣ የነዶውን ክምር፣ ለማድረቅ ባቆምንበት ሰሞን፣ እማሳው ላይ ታጣቂዎች ገደሉት። ለምን እንደገደሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ጎረቤቴ አሰበች ለቅሶው ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ የዚያን ዕለት ጧት ደሴ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ሲያወራ በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ። ደሴ ማሳው ከእኛ ጋር የሚዋሰን፣ በድንበር ሁለት ጊዜ ከይርዳው ጋር ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ነው። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

በሰርጌ የሰጡኝን ዳዊት አወጣሁና መቶ ስምንተኛውን መዝሙር ያዝሁ። በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ የጠላት ዕድሜ እንዲያጥር፣ ሚስቱም መበለት እንድትሆን በሚለምነው ቦታ ላይ የደሴን ስም እያስገባሁ ደገምሁ። ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ ይህ በሰው ላይ አይደገምም ብለው መከልከልዎን አልረሳሁም። አውቄ ነው ያደረግሁት።

በጥር ደሴ ሞተ። ካላዛር ነው አሉ፤ ሸሕዲ ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሰውነቱ አልቆ ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ መርዶውን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ለሰው ዓይን ብዬ ለቅሶ ሄድሁ። ሚስቱ ሰርካለም እንዳየችኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ያንቺን ባል በገዛ ጋቢው የሸፈነልሽ እሱ አልነበረም ወይ!» እያለች አለቀሰች። ኋላ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ሰዎቹ የይርዳውን ማሳ አሳየን ብለው ሲይዙት፣ ደሴ አሳስቶ በሽንፋ ወንዝ በኩል ልኳቸው ኖሯል፤ እነሱ ግን ዞረው ይርዳውን አገኙት። ተኩሱን ሰምቶ ሮጦ የደረሰው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ውኃ ያጠጣው ደሴ ነው። ተመልሰው እንዳይመጡበት ፈርቶ ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። እኔም ሰዎች ይርዳውን ሸፍነው ያመጡበት ጋቢ የማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ቢያንገበግበኝ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረማርያም ተናዘዝሁ። «የገደለው በሽታው ነው፤ እግዚአብሔር የሰው ቂም ተላላኪ አይደለም። ያንቺ ኃጢአት፣ ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ እያልሽ ራስሽ ፈርደሽ መጨረስሽ ነው» ብለው ቀኖና ሰጡኝ። ለሰርካለም ንገሪያትም አትንገሪያትም አላሉኝም። ሁለት ሳምንት ቻልሁት። ከዚያ ውኃ ስንቀዳ ነገርኋት። ጀሪካኗን አስቀመጠች፤ ትክ ብላ አየችኝ፤ ጀሪካኑን እዚያው ጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትቀበልም።

በደሴ አርባ ሳልጠራ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ዋልሁ፤ «ውጪ» ያለኝ የለም። ማምሻውን ትንሿ ልጇ እየሩስ እጭኔ ላይ ተኛች። ሰርካለም ልትወስዳት መጥታ እጇን ዘረጋች፤ ቆይታ ተወቻት።

እናቴን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ትዕዛዙ ስለ እኔ አይጨነቅ፤ እንዳይመጣም፣ መንገዱ አይታመንም። እኅቴን ስርጉትን ከነልጆቿ እንዴት ሰነበታችሁ ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለይርዳው ነፍስ ሲጸልዩ ወልደ ገብርኤል የሚለውን ስም አብረው ያንሱልኝ። የደሴ የክርስትና ስሙ ነው። እኔ ልጠራው እየሞከርሁ አፌ እምቢ አለኝ።

ልጅዎ ሀብትነሽ
ኮኪት፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.